ስለ ኮርቻና ስለ ብረቱ

ኮርቻ በፈረስና በሰው መካከል የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ብዙ ሰው ኮርቻ የተሠራው ፈረሰኛው እንዲመቸው ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የተሠራው ለፈረሱ ነው። ሰው ባይመቸው ይናገራል፥ ይወርዳል፥ ሌላ ኮርቻም ይገዛል። ፈረስ ግን መናገር አይችልም፤ ጀርባው ቢቈስልም ተሸክሞ ይሄዳል። ስለዚህ ኮርቻ የሚሠራ ባለ እጅ ሁለት ደንበኞች አሉት፤ አንዱ ዋጋውን የሚከፍል ነው፥ ሁለተኛውም ሥራውን የሚሸከም ነው። መጽሐፈ ምሳሌም ለእንስሳው የሚራራውን ሰው ጻድቅ ይለዋል።

ዛሬ የአዊ ዞን በሚባለው በአገው ምድር ፈረስ እንደ ቤተ ሰብ የታወቀ ነው። በእንጅባራና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ፈረስ ሰውን ካሰበበት ያደርሳል፤ እህልም ወደ ገበያ ይጭናል። በሌላ አገር ለበሬ የተተወውንም ሥራ ይሠራል፤ ይኸውም ቀንበር ተሸክሞ ያርሳል። ሙሽራ በፈረስ ይሄዳል፤ ለቅሶ የሚደርስ ሰውም በፈረስ ይመጣል። በየዓመቱም ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በእንጅባራ ያከብራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተዋጉትን አባቶች፥ ከእነርሱም ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ያስባል። ወር በገባ በ23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው፤ እርሱም በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ይታያል። በዚያ ዘመን ፈረስ ምን ያህል ይከበር እንደ ነበር ከስም ይታወቃል። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበርና፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ደጃዝማች ባልቻም አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር።

በበዓሉ ቀን ፈረሶቹ በመርገፍና በግላስ አጊጠው ሜዳውን ይሞሉታል። የተመልካች ዐይን የሚያርፈው በቀዩና በቢጫው ጌጥ ላይ ነው። ግልቢያው በተጀመረ ጊዜ ግን ፈረሰኛውን በፈረሱ ላይ የሚያጸናው ጌጡ አይደለም። ከግላሱ ሥር ተሸፍኖ የማይታየው እንጨት፥ ጠፍርና ቀለበት ነው እንጂ።

ኮርቻ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አስቀድሞ የፈረስን ጀርባ ማወቅ ያስፈልጋል። የፈረስ ጀርባ እንደ ቤት ጣራ ነው። በመካከሉ የጀርባው አጥንት ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በቀኝና በግራውም ሥጋው እንደ ጣራ ክዳን ወደ ታች ያዘነብላል። ከፊት፥ ጋማው በሚያልቅበት ቦታ፥ የትከሻው ጉብታ ከፍ ብሎ ይታያል። አጥንቱ በቆዳ ብቻ የተሸፈነ ስለ ሆነ ጥቂት ክብደት እንኳ ያቈስለዋል፤ በጎንና በጎኑ ያለው ወፍራም ሥጋ ግን ሸክም ይችላል። እንግዲህ የኮርቻ ሥራ ጥበብ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ የሰውን ክብደት ከአጥንቱ ላይ አንሥቶ በሁለቱ ጎን ሥጋ ላይ እኩል ማካፈል ነው። ይህ ሳይሆን ሲቀር ጀርባው ይላጣል፥ ይመግላል፥ ፈረሱም ገጣባ ይሆናል። ገጣባ ፈረስ ለብዙ ሳምንት አይጫንም፤ ቁስሉ ከዳነም በኋላ በቦታው ብዙ ጊዜ ነጭ ጠጕር ይበቅላል። ፈረስ የሚገዛ ብልህ ሰው ኮርቻውን አስወርዶ ጀርባውን የሚመለከተው ስለዚህ ነው፤ በጥቁር ፈረስ ጀርባ ላይ ያለች ነጭ ነጥብ የቀድሞው ጌታው ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ ትናገራለችና።

የኮርቻ መሠረቱ እንጨት ነው። ባለ እጁ እንደ ዋንዛ ያለ ቀላል፥ ቶሎ የማይሰነጠቅ፥ በሚገባ የደረቀ እንጨት ይመርጣል። እርጥብ እንጨት ከተሠራ በኋላ ይጣመማል፤ የተጣመመ ኮርቻም በአንድ ወገን ብቻ ይጫናል። ከእንጨቱ ሁለት ሳንቃዎች ይጠርባል፤ አንዱ ለቀኝ፥ አንዱም ለግራ ጎን ነው። ሁለቱ ሳንቃዎች በመካከላቸው ክፍተት አላቸው፤ የጀርባው አጥንት በዚያ ክፍተት ሥር ሳይነካ ያልፋል። ከፊትና ከኋላ ደግሞ ሁለት ከፍ ያሉ እንጨቶች ሳንቃዎቹን ያያይዙአቸዋል። የፊተኛው ፈረሰኛው ቍልቍለት ሲወርድ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይከለክለዋል፤ የኋለኛውም ዳገት ሲወጣ ይደግፈዋል። ዳገትና ቍልቍለት በበዛበት አገር የሁለቱም ከፍታ ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ሳንቃዎቹን ለማያያዝ ብልህ ባለ እጅ ምስማር አይወድም። ፈረስ ሲሮጥ እንጨቱ ያለ ማቋረጥ ይነቃነቃልና ምስማሩ ቀዳዳውን እያሰፋ ይላላል፤ ከጊዜም በኋላ ጫፉ ወደ ታች ወጥቶ ፈረሱን ይወጋል። ስለዚህ እንጨቱን በመብሻ ይበሳና በውኃ በራሰ በጥሬ ቁርበት ጠፍር ይሰፋዋል። ከዚያም እንጨቱን በሙሉ ራሱን የቻለ እርጥብ ቁርበት ያለብሰዋል። ጥሬ ቁርበት በራሰ ጊዜ እንደ ጨርቅ ይታዘዛል፤ ሲደርቅ ግን ይኮማተራል፥ እንጨቱንም አጥብቆ ይይዛል፥ እንደ አጥንትም ይጠነክራል። በዚህ ጊዜ መቸኰል አይገባም። ቁርበቱ በጥላ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ በእሳት አጠገብ ወይም በቀትር ፀሐይ ያደረቁት እንደ ሆነ ይሰነጠቃል፥ እንጨቱንም ያጣምመዋል።

ይህ ጥበብ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፥ በሜክሲኮና በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ፥ ካውቦይ የተባሉ የከብት ጠባቂዎች የሚቀመጡበት ኮርቻ አለ። መጀመሪያ ስፔናውያን ካመጡት ኮርቻ የተወለደ ነው። እርሱም እንደ እኛው ሁለት የእንጨት ሳንቃዎችና በመካከላቸው ክፍተት አለው፤ እንጨቱንም በጥሬ ቁርበት ይለብጡታል። ከፊቱ ግን እንደ ቀንድ የቆመ ጉጥ ተተክሎበታል። ከብት ጠባቂው ወይፈኑን በገመድ ወጥምድ በያዘው ጊዜ የገመዱን ጫፍ በዚህ ጉጥ ላይ ይጠመጥማል፤ ያን ጊዜ የወይፈኑን ጉልበት የሚቋቋመው የሰው ክንድ ሳይሆን ኮርቻው ነው። ያ ሁሉ ጉልበት ወዴት ይሄዳል? ከጉጡ ወደ እንጨቱ፥ ከእንጨቱ ወደ ጠፍሩ፥ ከጠፍሩም በጎን ወደ ተንጠለጠለው የብረት ቀለበት ይሄዳል። የሆዱ መቀነት የሚታሰረው በዚያ ቀለበት ላይ ነውና ቀለበቱ ከተከፈተ ኮርቻው፥ ሰውየውና ገመዱ አብረው ይወድቃሉ። በእንጅባራ ሜዳ ወይፈን በገመድ የሚይዝ የለም፤ ነገር ግን በጉግስ ጊዜ ፈረሱ በድንገት ሲታጠፍ ያው ጉልበት በዚያው ቀለበት ላይ ይመጣል።

እንጨቱ ካለቀ በኋላ የቆዳው ሥራ ይከተላል። ለመሸፈኛና ለጠፍር የሚሆነው ቆዳ መልፋት አለበት። በኢትዮጵያ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የእምቧይን ፍሬና የቀንጠፋን ተክል የመሰሉ ነገሮች ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ ቀንጠፋ ቆዳውን ያቀላዋል። ለሆድ መቀነት የሚሆነው ጠፍር ከበሬ ቆዳ ከጀርባው በኩል ይቈረጣል፤ የሆድ ቆዳ ሲጐተት ይለጠጣልና። ስፌቱ በወስፌ እየተበሳ በጅማት ወይም በሰም በተቀባ ጠንካራ ክር ይሰፋል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ፋቂዎችና ቀጥቃጮች ለብዙ ዘመን በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። የሚያሳዝነው፥ በኮርቻቸው ተቀምጦ የሚሄደው ሰው ራሱ ይሰድባቸው ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብ ከለከሉ፤ እርሱን የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቈጠርም አዘዙ።

አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ። የኮርቻ ብረት የሚባሉት እርካቡ፥ ቀለበቶቹ፥ ዘለበቶቹና ልጓሙ ናቸው። ሁሉም ትንንሽ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከኮርቻው ዋጋ ጥቂቱ ነው። ሰው በእነርሱ የሚታለለው ስለዚህ ነው፤ ትንሽ ነገር ትንሽ ሥራ ያለው ይመስለዋልና።

አንድ የአዊ ወጣት ለጥር 23 ሊዘጋጅ ከእንጅባራ ደጋ ወደ ዳንግላ ገበያ ወረደ እንበል። የአባቱ ኮርቻ እንጨቱ ደኅና ነው፤ ቀለበቶቹ ግን በዝገት ተበልተዋል። በእጁ ያለው ገንዘብ ጥቂት ነው። ኮርቻ ከሚሠሩት ሽማግሌ ዘንድ በደረሰ ጊዜ በመደባቸው ላይ እንደ ብር የሚያበራ ቀለበት አየና አነሣው።

«አባቴ፥ ይህ የሚያበራው ዋጋው ስንት ነው?» አለ።

«ልጄ፥ ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት መገጣጠሚያውን ተመልከት» አሉት።

ወጣቱም ቀለበቱን ወደ ብርሃን አዞረው። ጫፍና ጫፉ ተገናኝቶአል እንጂ አልተዋሐደም፤ በመካከሉ ቀጭን ክር የምታሳልፍ ክፍተት ነበረች። ሽማግሌው ሌላ ጥቁርና ወፍራም ቀለበት ሰጡት። የእርሱ ጫፎች በእሳት ግለው፥ በመዶሻ ተቀጥቅጠው አንድ ሆነዋል፤ በጣቱ ቢዳብስም መጋጠሚያው የት እንደ ሆነ ሊያውቅ አልቻለም።

«ያኛው ከግላስ ላይ ጌጥ ለማንጠልጠል ይሆናል። በሆድ መቀነት ላይ ያሰርኸው እንደ ሆነ ግን ፈረስህ በጋለበ ጊዜ ይከፈታል፤ ኮርቻውም ዞሮ ከሆዱ ሥር ይገባል» አሉት።

«እውነት ነው አባቴ፤ ነገር ግን ሁለቱን ጥቁሮች ከገዛሁ ለመርገፍ የሚሆን ገንዘብ አይተርፈኝም። ሰው ደግሞ የሚያየው መርገፉን ነው።»

«መርገፉን በሚመጣው ዓመት ትገዛለህ። ቀለበቱ በግልቢያ መካከል ከተከፈተ ግን ለሚመጣው ዓመት የሚቈይ ነገር የለም።»

ወጣቱ ብዙ አሰበ፤ ባልንጀሮቹ በቀይ መርገፍ አጊጠው ሲመጡ ታዩትና ልቡ አዘነ። በመጨረሻ ሁለቱን ጥቁር ቀለበቶች ገዛ። የተረፈውም ገንዘብ ለአንዲት ትንሽ መርገፍ ብቻ በቃ፤ እርስዋን በፈረሱ ግንባር አንጠለጠላት።

ሽማግሌው ያላስረዱት ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ዝናብ ነው። በአዊ ደጋ ክረምቱ ረጅም፥ ዝናቡም ብርቱ ነው። ብረት በእርጥበት ይዝጋል። የሚያበራው ቀለበት ብዙ ጊዜ ውስጡ ተራ ብረት ሆኖ ላዩ ብቻ በቀጭን ሌላ ማዕድን የተለበጠ ነው። ልባጡ በአንድ ቦታ ተፍቆ የተላጠ እንደ ሆነ እርጥበቱ በዚያ ይገባና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ ላዩም እያበራ ውስጡ ያልቃል። እርጥብ ብረት የነካው የለፋ ቆዳም ይጠቁራል። ቆዳውን ያለፋው የተክል ጭማቂ ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይሆናልና። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ሰዎች የጻፉበት ቀለም ከዚሁ ዓይነት ኅብረት የሚሠራ ነበር። ለብራና መልካም የሆነው ነገር ለጠፍር ግን መልካም አይደለም፤ ዝገት ያደረበት ቆዳ እየደረቀ ይሰበራል።

ናስ ግን እንደ ብረት አይዝግም። ስለዚህ ለዘለበትና በዝናብ ለሚውል ቦታ ሁሉ ናስ መልካም ነው። ነገር ግን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ናስ አንዳንድ ጊዜ በውስጡ የአየር ቀዳዳ ይኖረዋል፤ በብርቱም ሲሳብ ሳይታሰብ ይሰበራል። ብረት ከመሰበሩ በፊት ብዙ ጊዜ ይጣመማልና ለባለቤቱ ምልክት ይሰጠዋል። ስለዚህ ብርቱ ጉልበት ለሚመጣበት የመቀነት ቀለበት በእሳት የተዋሐደ ወፍራም ብረት ይሻላል፤ እርሱም ዘወትር ስብ እየተቀባ ይጠበቃል። ናሱ ለሌላው ይሁን። በዘመናችን የማይዝግ ብረት ይገኛል፤ ዋጋውን የቻለ ሰው እርሱን ቢገዛ ሁለቱንም ጥቅም ባንድነት ያገኛል። ናስ የሚመስለው ዕቃ እውነተኛ ናስ መሆኑን ለማወቅ ማግኔት ማቅረብ ይረዳል፤ ማግኔት ብረትን ይስባል፥ ናስን ግን አይስብም። ማግኔት ባይገኝም ከማይታይ ቦታው ላይ በምስማር ቢጭሩት ናስ ከውስጡም ቢጫ ነው።

ስለ እርካብም ጥቂት መናገር ይገባል። በቀድሞ ዘመን የደጋው ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ይጋልብ ነበርና እርካቡ የእግሩን አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ትንሽ ቀለበት ነበረች። የሩቅ አገር መንገደኞች ይህን አይተው ተደንቀዋል፤ ግን ጥቅም ነበረው። ፈረሰኛው የወደቀ እንደ ሆነ ጣቱ ቶሎ ይወጣል፥ እግሩም ተይዞ አይጐተትም። ጫማ የተጫማ ሰው ግን ሰፊ እርካብ ያስፈልገዋል። ስፋቱ ከጫማው ስፋት አንድ አውራ ጣት ያህል ይበልጥ፤ ጠባብ ከሆነ ጫማው ይቀረቀራል፥ እጅግ ሰፊም ከሆነ እግሩ በሙሉ ያልፍና ፈረሱ ይጐትተዋል። ልጓምን የሚገዛ ሰው ደግሞ በፈረስ አፍ ውስጥ የሚገባውን ብረት አስቀድሞ በገዛ ጣቱ ይዳብሰው። ለጣት የሻከረ ለምላስ ቢላዋ ነው።

ኮርቻው ተሠርቶ ብረቱም ተመርጦ ካለቀ በኋላ በፈረሱ ላይ ይሞከራል። ከሥሩ ወፍራም ንጹሕ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ እሾህ፥ ጭቃ ወይም የጨርቅ እጥፋት እንዳይኖርበት በእጅ ይዳበሳል። ፈረሰኛውም ተቀምጦ ሳለ በትከሻው ጉብታና በኮርቻው መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት መግባት አለበት፤ ካልገባ ያ ኮርቻ ለዚያ ፈረስ አይሆንም። አንዱ ኮርቻ ለሁሉ ፈረስ አይስማማም፤ ወፍራም ፈረስ በድርቅ ጊዜ ቢከሳ የራሱ ኮርቻ እንኳ ሊያቈስለው ይችላል። መቀነቱም በአንድ ጊዜ አጥብቆ አይታሰርም፤ ብዙ ፈረስ በሚታሰርበት ጊዜ ሆዱን ይነፋልና። ጥቂት እርምጃ ካስኬዱት በኋላ ትንፋሹን ሲለቅ እንደ ገና ይጠበቃል።

የኮርቻው እውነተኛ ፈተና ግን ከግልቢያ በኋላ ነው። ፈረሰኛው ወርዶ መቀነቱን ይፈታል፥ ኮርቻውን ያነሣል፥ የፈረሱንም ጀርባ ይመለከታል። ላቡ በሁለቱ ጎን እኩል ወርዶ፥ በመካከል የጀርባው አጥንት ደርቆ ቢገኝ ኮርቻው መልካም ነው። በላቡ መካከል እንደ ብር ሳንቲም ያለች ደረቅ ቦታ ከታየች ግን እንጨቱ በዚያ ቦታ ላይ እጅግ ስለ ተጫነ ላብ መውጣት አልቻለም ማለት ነው። ዛሬ ቁስል የለም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ይሆናል። እንዲህ ያየ ሰው ኮርቻውን ወደ ባለ እጁ ይመልሳል፤ ባለ እጁም ከሥሩ ጥቂት ይፍቅለታል።

ከዚያ በኋላ የላቡ ጨው በእርጥብ ጨርቅ ከጠፍሩ ላይ ይጠረጋል፤ ቀለበቶቹም አንድ በአንድ ይታያሉ፥ ስብም ይቀባሉ። ኮርቻው ከእሳት ርቆ በጥላ ይሰቀላል። ፈረሱም ልጓሙ ከአፉ ወጥቶ፥ ላቡ እስኪደርቅ ድረስ በዝግታ ይመላለሳል፤ ትንፋሹም ሲረጋ ውኃ ጠጥቶ ወደ ሣሩ ይለቀቃል።